ከወለሉ ሥር ያለውን አየር ማስመርመር፦ ለንግድ ሕንፃ የአፈር ጋዝ ምርመራ ከፑንታው እስከ ላብ ሪፖርቱ

ሕንፃ ልትገዙ ነው፣ ወይ ያላችሁን ልታከራዩ ነው፣ ወይ አበዳሪው "የአፈር ጋዝ ካልተመረመረ ብር አይለቀቅም" ብሏችኋል እንበል። ይሄን ሲሰማ ብዙ ሰው አፈር ቆፍሮ በላስቲክ ጠቅልሎ ላብ (ላቦራቶሪ) መላክ ይመስለዋል፣ አይደለም። የሚመረመረው አፈሩ ሳይሆን በአፈሩ ቅንጣቶች መሀል ያለው አየር ነው። ከዓመታት በፊት የፈሰሰ ሶልቨንት (ቅባትና ቆሻሻ ማሟሟያ ኬሚካል) ወይ ነዳጅ ተንኖ እዛ አየር ውስጥ ይቀመጥና በወለሉ ስንጥቅ፣ በቧንቧ ዙሪያ ባለ ክፍተት፣ በሊፍት ጉድጓድ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰውም ቢሮው ቁጭ ብሎ ይተነፍሰዋል። ሽታው ይነግረኛል ብላችሁ እንዳትተማመኑ፣ ለጤና የሚያሳስበው መጠን አፍንጫ ሊለየው ከሚችለው ብዙ ጊዜ በጣም ያነሰ ነው።

ሥራውን ራሳችሁ ሥሩት እያልኩ አይደለም፣ ብዙ ቦታ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ያልፈረመበትን ሪፖርት ማንም አይቀበልም። ግን ባለንብረትም ሁኑ አዲስ ቴክኒሻን፣ ምን ምን መደረግ እንዳለበት ካላወቃችሁ መጥቶ ካኒስተር (የጋዙን ናሙና መያዣ የብረት ዕቃ) ሞልቶ ውልቅ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አትለዩትም። እኔ እስከማየው ድረስ ውጤት የሚበላሸው ላብ ውስጥ አይደለም፣ እዛው ወለሉ ላይ ነው፣ ቀዳዳው በደንብ ስላልታሸገ። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እያልኩ እሱ ጋ ስደርስ ቆም እላለሁ።

ደረጃ 1፦ ከመሰርሰር በፊት ታሪኩን ፈልጉ

እዚህ ቦታ ላይ ከዚህ በፊት ምን ይሠራ ነበር? ይሄ ጥያቄ ካልተመለሰ የት እንደምትሰረስሩም ላቡን ምን ፈልግልኝ እንደምትሉትም አታውቁም። ደረቅ እጥበት ቤት ከነበረ ፒሲኢ (ቴትራክሎሮኢትሊን) ነው የሚጠረጠረው። የብረታብረት ወርክሾፕ ወይ ግሪስ የሚታጠብበት ቦታ ከነበረ ቲሲኢ (ትራይክሎሮኢትሊን)። ማደያ ወይ ጋራዥ ከነበረ ቤንዝን፣ ቶሉይን፣ ኢትልቤንዝን፣ ዛይሊን፣ ናፍታሊን ምናምን። ቤንዝን ስል ኬሚካሉን ነው፣ መኪና ውስጥ የምንቀዳውን ቤንዚን አይደለም፣ ምንም እንኳ እሱ ውስጥ ቢኖርም፤ የሁለቱ ስም መመሳሰል ስብሰባ ላይ ስንት ሰው እንዳወዛገበ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ነገር አትርሱ፣ ፒሲኢ ኦክስጅን በሌለበት አፈር ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ቲሲኢ፣ ከዛ ወደ ሲስ-ዲሲኢ፣ ከዛ ወደ ቪኒል ክሎራይድ ይቀየራል። መጨረሻው ከመጀመሪያው የሚሻል አይደለም፣ ቪኒል ክሎራይድ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ "ድሮ ፒሲኢ ብቻ ነበር የሚጠቀሙት" ተብሎ ለፒሲኢ ብቻ አይመረመርም፣ ሙሉው ዝርዝር ይታያል።

ጎረቤትንም እዩ። ክሎሪን ያላቸው ሶልቨንቶች ሲሆኑ ከብክለቱ ጠርዝ እስከ 30 ሜትር ድረስ ያለ ሕንፃ ይመለከተዋል የሚለው ልማድ በብዙ መመሪያ ላይ አለ። ነዳጅ ሲሆን ግን ሁኔታው ቀለል ይላል፣ ምክንያቱም አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ካገኙ ይበሉታል። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ (ኢፒኤ) በ2015 ባወጣው የነዳጅ ትነት መመሪያ ላይ፣ ነዳጁ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ያለ ከሆነ በሱና በሕንፃው መሀል 1.8 ሜትር ገደማ ንፁህ አፈር፣ ራሱ ነዳጁ ተጠራቅሞ ካለ ደግሞ 4.6 ሜትር ገደማ ንፁህ አፈር ካለ በአብዛኛው ይበቃል ይላል። ለሶልቨንት እንዲህ ዓይነት እፎይታ የለም።

ደረጃ 2፦ ሕንፃውን በእግር ዙሩት

ወረቀት የማይነግራችሁን ወለሉ ይነግራችኋል። መሬቱ ላይ በአራት ማዕዘን ተቆርጠው የቀሩ አራት ብሎኖች ካያችሁ ማሽኑ እዛ ነበር የቆመው ማለት ነው። ከዛ ዓይናችሁን ወደ ቅርቡ የወለል ፍሳሽ መውረጃ ውሰዱት፣ የተደፋ ነገር ሁሉ የሚሄደው ወደዛ ነው፣ ከሥር ያለው የፍሳሽ ቧንቧ መገጣጠሚያ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ማፍሰሱ አይቀርም። እኔ ብዙ ጊዜ ከፍተኛውን ቁጥር የማገኘው ማሽኑ ሥር ሳይሆን ከመውረጃው እስከ ማንሆሉ ባለው መስመር ላይ ነው። የቆየ ጥበቃ ወይ የጽዳት ሠራተኛ ካለ ደግሞ ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁት፣ "ያገለገለውን የት ነበር የሚደፉት?" ብላችሁ፣ የሚመልስላችሁ ነገር ከሃምሳ ገጽ ሪፖርት ይበልጣል።

በዚሁ ዙር ላይ የአየር ማቀዝቀዣና ማሞቂያው እንዴት እንደሚሠራ አስተውሉ። ሕንፃው ውስጥ ያለው ግፊት ከወለሉ ሥር ካለው ካነሰ ሕንፃው ራሱ እንደ ፓምፕ ጋዙን ወደ ላይ ይስባል፣ በተለይ ውጭ በርዶ ውስጡ ሲሞቅ። ፒአይዲ የሚባለው የኬሚካል ትነት የእጅ መለኪያ ካላችሁ ስንጥቆችና የቧንቧ መግቢያዎች ላይ ጠጋ አድርጋችሁ አንብቡ፣ ግን ዜሮ አለ ብላችሁ አትደሰቱ፤ መለኪያው ውስጥ ያለው ተራው 10.6 ኤሌክትሮን ቮልት መብራት ካርቦን ቴትራክሎራይድንና ክሎሮፎርምን ጭራሽ አያያቸውም፣ ሌላውንም ቢሆን ለጤና የሚያሳስበው መጠን ከሱ አቅም በታች ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ ነጥቦቹን ምረጡ

ሁለት ዓይነት ነጥብ አለ። አንዱ ልክ ከኮንክሪቱ ሥር የሚወሰደው ነው፣ ሁለተኛው ከሕንፃው ውጭ (አንዳንዴም ውስጥ) ጠለቅ ብሎ በአፈር ውስጥ የሚተከለው። ሕንፃው ውስጥ ሰው የሚሠራ ከሆነ የመጀመሪያውን አስቀድሙ፣ ምክንያቱም ሰው ከሚተነፍሰው አየር ጋር ቅርብ የሆነው እሱ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚሠራው ስህተት ፕላን ላይ እኩል እኩል ካሬ ማስመር ነው። ያምራል ግን ጋዝ በካሬ አይሄድም፣ በሦስት በአራት ሜትር ልዩነት ቁጥሩ በአሥርና በመቶ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ቦታዎች ላይ (ማሽኑ፣ መውረጃው፣ ኬሚካል ይቀመጥበት የነበረው ክፍል) አስቀምጡ፣ ከዛ ሰው ብዙ ሰዓት የሚቆይበት ቦታ፣ የተረፈውን ደግሞ ባዶ የቀረው አካባቢ ላይ በትኑ። ትንሽ ሱቅም ቢሆን ከሦስት ነጥብ ባያንስ ነው የሚሻለው፣ የኔ አቋም ነው። ከውጭው ግድግዳ ቢያንስ 1.5 ሜትር ራቁ፣ ጠርዝ ላይ የውጭ አየር ሰርጎ ያቀጥነዋል።

ጥልቅ ለሚተከለው በሁለት ጥልቀት ማድረግ ጥሩ ነው፣ ለምሳሌ 1.5 ሜትርና 3 ሜትር። ቁጥሩ ወደ ታች እየጨመረ ከሄደ ምንጩ ከሥር ነው፣ ምናልባት የከርሰ ምድር ውሃው። ከላይ ካየለ ደግሞ እዛው ቦታ ላይ የፈሰሰ ነው። ከ1.5 ሜትር ያነሰ ጥልቀት ከቤት ውጭ ባይወሰድ ይሻላል፣ የአየር ሁኔታው ይጫወትበታል።

ደረጃ 4፦ ምን እንዳለ ሳታውቁ እንዳትሰረስሩ

ኤሌክትሪክ፣ ውሃ፣ ጋዝ፣ ፋይበር፣ ሁሉም ወለል ውስጥ ወይ ሥር አለ። በራዳር ስካነር አስቃኙ። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ስላቡ ውስጥ ተወጥሮ የታሰረ ኬብል ያለበት ወለል ነው፣ ፖስት ቴንሽን የሚባለው። ተራ ፌሮ ቢነካ ፑንታ ይበላሻል፣ የተወጠረ ኬብል ከተበጠሰ ግን ኮንክሪት ፈንቅሎ ሊወጣና ሰው ሊገድል ይችላል። ዓይነቱ ካልታወቀ ሥራው ይቁም፣ በቃ።

ድሮ ቆሻሻ የተቀበረበት ወይ ረግረጋማ ቦታ ከሆነ ደግሞ ሜቴን ሊኖር ይችላል። ሜቴን በአየር ውስጥ 5 በመቶ ሲደርስ በእሳት ብልጭታ ይነሳል። መለኪያ ያዙ፣ ድሪልም ብልጭታ ነው።

ደረጃ 5፦ ዕቃ

ቱቦው ናይሎን፣ ቴፍሎን ወይ ፒክ የሚባለው ዓይነት ይሁን። ተራውን ፖሊኢትሊን ቱቦ ወይ ለስላሳውን ግልጽ ጎማ አትጠቀሙ፣ ኬሚካሉን ይመጥና ውጤቱን ዝቅ ያደርገዋል፣ ወይ ከባለፈው ሥራ የመጠጠውን ይተፋዋል። ካኒስተሩን ከላቡ አስመጡ፣ ባዶ የሆነ (ቫኪዩም ያለው) ከውስጥ የተወለወለ የስቴንለስ ብረት ዕቃ ነው፣ ባለ 1 ሊትር ወይ ባለ 6 ሊትር፣ ከፍሰት መቆጣጠሪያው ጋር። ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ፣ ከላዩ ደግሞ ትርፍ አንድ ሁለት ጠይቁ፣ ሲመጣ አንዱ ቫኪዩም አጥቶ ሊገኝ ይችላል። በቲኦ-15 ዘዴ (የኢፒኤ የአየር ምርመራ ዘዴ) ነው የሚመረመረው፣ ይሄን ትዕዛዙ ላይ በግልጽ ጻፉ።

አሁን ትንሽ የሚመስል ግን የሚያበላሽ ነገር። የዛን ቀን ጠዋት መኪናችሁን ነዳጅ ሞልታችሁ በዛው እጅ ፊቲንግ እንዳትነኩ። ሽቶ፣ ማርከር እስኪርብቶ፣ ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ፣ የቱቦ ማጣበቂያ ኮላ፣ ፕላስተር፣ እነዚህ ሁሉ ላብ ላይ ይታያሉ። ጄኔሬተር ካለ ነፋሱ ጭሱን ወደ እናንተ በማያመጣበት በኩል አርቁት። ሳኒታይዘር ደግሞ አልኮል ነው፣ አንዳንድ ቡድን ሊክ (የውጭ አየር ሰርጎ የሚገባበት ክፍተት) ለመፈተሽ የሚጠቀመው ራሱ አይሶፕሮፒል አልኮል ስለሆነ እጁን ሳኒታይዘር የተቀባ ሰው ቫልቭ ከፍቶ "ሊክ አለ" የሚል ሪፖርት ሲመጣበት አይቻለሁ። ጓንት፣ በየነጥቡ አዲስ።

ደረጃ 6፦ መሰርሰርና መትከል

ከወለል ሥር ለሚወሰደው፣ በመዶሻ ድሪል ከኮንክሪቱ ወጥታችሁ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወደ ሥሩ ጠጠር ግቡ። ፑንታው ድንገት ቀለል ሲልና ድምፁ ሲቀየር ኮንክሪቱ አልቋል ማለት ነው፣ ያኔ የስላቡን ውፍረት መዝግቡ። አቧራውን በቫኪዩም ሳቡት (የኮንክሪት አቧራ ሲሊካ ነው፣ ማስክ አድርጉ) ግን ማሽኑን ቀዳዳው ላይ ደቅናችሁ ብዙ አትቆዩ፣ ከሥር ያለውን ጋዝም አብሮ ይስበዋል። ከዛ ቀዳዳውን በብሩሽ አጽዱ፣ አፉንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ይሄን ጥረጉ ያልኩትን በኋላ እመለስበታለሁ።

መሰኪያው የነሐስ ወይ የስቴንለስ ሆኖ ዙሪያው ጎማ ያለበት ዓይነት (ቬፐር ፒን የሚባለው በጣም የተለመደ ነው) ከሆነ በመዶሻ መትቶ ማስገባት ነው፣ ካልሆነ በሲሚንቶ ወይ በውሃ በራሰ ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ ዓይነት) ይታሸጋል። ሲሚንቶው ፈጥኖ እንዲደርቅ ኬሚካል የተቀላቀለበት አይሁን።

በአፈር ውስጥ ለሚተከለው ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ 30 ሴንቲሜትር ያህል ንፁህ አሸዋ ይደረግና የቱቦው ጫፍ አሸዋው መሀል ላይ ይቀመጣል፣ ከላዩ ትንሽ ደረቅ የቤንቶናይት ጠጠር፣ ከዛ እስከ ላይ ድረስ በውሃ የራሰ ቤንቶናይት። ደረቁ የሚገባው ውሃው ወርዶ አሸዋውን እንዳይደፍነው ነው። ቱቦውን በቫልቭ ዝጉና ጥልቀቱን እላዩ ላይ ጻፉ፣ ሁለት ቱቦ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ካለ ማታ ላይ የትኛው የቱ እንደሆነ ትረሳላችሁ።

ከዛ ጠብቁ። መሰርሰር የአፈሩን አየር ስለሚረብሽ ወደ ቦታው እንዲመለስ ጊዜ ይፈልጋል። የካሊፎርኒያ መመሪያ ከወለል ሥር ላለውና በግፊት ለተተከለው ቢያንስ 2 ሰዓት፣ በእጅ መሰርሰሪያ ለተቆፈረው 48 ሰዓት ይላል። እዛው መመሪያ ላይ ግማሽ ኢንች (13 ሚሊሜትር ገደማ) እና ከዛ በላይ ዝናብ ከጣለ ውጭ ያለውን ነጥብ ከመውሰዳችሁ በፊት 5 ቀን ጠብቁ ይላል፣ ውሃው የአፈሩን ክፍተት ሞልቶ ጋዙን ስለሚያፍነው።

ደረጃ 7፦ ሊክ ፍተሻ፣ ሁሉም ነገር እዚህ ነው

በመጀመሪያ ታሪኩን ልንገራችሁ። ድሮ እጥበት ቤት የነበረ ሱቅ ላይ አምስት ነጥብ ሠራን፣ ቀኑ ሞቃት፣ ባለቤቱ ቁሞ "ስንት ደቂቃ ቀራችሁ?" እያለ፣ እኔም ቸኩዬ የሂሊየሙን ፍተሻ (የውጭ አየር በማሸጊያው በኩል መግባት አለመግባቱን የሚያሳየውን) ዘለልኩት። ላቡ አምስቱንም "አልተገኘም" አለ። ባለቤቱ ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ሪፖርቱን ልጽፍ ስል ከሌላው ጎን የነበረውን የኦክስጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰንጠረዥ አየሁ። ኦክስጅን አምስቱም ላይ 20.8፣ 20.9 በመቶ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የለም ማለት ይቻላል። ይሄ እኮ እኔ እዛ ቆሜ የተነፈስኩት አየር ነው! ኦክስጅን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ አንዳንድ ወለል ሥር በደንብ አየር የሚገባበት አለ፣ ግን አምስቱም እንዲህ ሲሆኑ ሆዴ ፈራ። ተመልሼ በሂሊየም ስፈትሸው ከአምስቱ አራቱ ያፈሳሉ። ምክንያቱ ደግሞ ቤንቶናይቱን አቧራው ያልተጠረገ ኮንክሪት ላይ ነበር የለጠፍነው፣ ከላይ ሲያዩት ያማረ፣ ከሥሩ ግን አቧራው ላይ ተንሳፍፎ። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን እንደገና አሽገን ስንወስድ መውረጃው አጠገብ ያለው ነጥብ ላይ ፒሲኢው በሺዎች ወጣ። ለባለቤቱ ስልክ የደወልኩባት ቀን እስካሁን አትረሳኝም።

ስለዚህ በቅደም ተከተል። አንደኛ የራሳችሁን ዕቃ ፈትሹ፣ ከነጥቡ ቫልቭ እስከ ካኒስተሩ ያለውን ሁሉ ገጣጥማችሁ፣ ሁለቱንም ጫፍ ዝጉና በሲሪንጅ ወይ በፓምፕ 25 ኪሎፓስካል ያህል (100 ኢንች የውሃ ዓምድ) ቫኪዩም አድርጉበት። ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጌጁን ተመልከቱ። ንቅንቅ ካለ ፊቲንግ ላልቷል፣ አጥብቁና ድገሙ።

ሁለተኛ መሬት ላይ ያለው ማሸጊያ። በነጥቡና በፊቲንጎቹ ላይ ባልዲ ወይ የፕላስቲክ ሳጥን ድፉበት፣ በአንድ ቀዳዳ ሂሊየም ልቀቁበት፣ በሌላ ቀዳዳ የሂሊየም መለኪያ አስገቡና ውስጡ ያለው መጠን 20 በመቶ ገደማ ሲሆን እንደዛው ጠብቁት። ከዛ ከነጥቡ በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ያለውን ሂሊየም ለኩ። ባልዲው ውስጥ 20 በመቶ ሆኖ ቱቦው ውስጥ 0.4 በመቶ ከሆነ ሊኩ 2 በመቶ ነው፣ ያልፋል። 3 በመቶ ከሆነ ሊኩ 15 በመቶ ነው፣ አያልፍም፣ አንስታችሁ እንደገና አሽጉ። እንደ ቦታው ደንብ ከ5 ወይ ከ10 በመቶ በታች ነው የሚፈቀደው። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ብዙዎቹ የሂሊየም መለኪያዎች ሜቴንንም ሂሊየም ብለው ያነቡታል፣ ስለዚህ ሂሊየም ከመልቀቃችሁ በፊት አንዴ ባዶውን አንብቡት። በዚሁ አጋጣሚ ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም ለኩት፣ ከክፍሉ አየር ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆነ ቆም በሉ።

ሂሊየም ከሌለ ከወለል ሥር ላለው ነጥብ ዙሪያውን በቀለበት ከልሎ ውሃ ማፍሰስም አለ፣ ውሃው እየጎደለ ከሄደ ያፈሳል። ርካሽና ቶሎ የሚታይ ነው፣ ግን ሊኩን በቁጥር አይነግራችሁም።

ደረጃ 8፦ የቆየውን አየር አውጡ

ቱቦው ውስጥ የቆመው አየር የአፈሩ ጋዝ አይደለም፣ መጀመሪያ መውጣት አለበት። የተለመደው ሦስት እጥፍ ማውጣት ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ውስጡ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው 3 ሜትር ቱቦ 38 ሚሊሊትር ገደማ ይይዛል። ጉድጓዱ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ኖሮት አሸዋው 30 ሴንቲሜትር ከሆነ 589 ሚሊሊትር ነው፣ ከዛ ውስጥ 40 በመቶው ባዶ ቦታ ነው ብንል 236። ሲደመር 274፣ በሦስት ሲባዛ 822 ሚሊሊትር። በ60 ሚሊሊትር ሲሪንጅ አሥራ አራት ጊዜ መሳብ ነው። ከወለል ሥር ያለው ነጥብ ግን አሸዋ ስለሌለው በጣም ትንሽ ነው፣ አንድ ሁለት ስባችሁ ትጨርሳላችሁ። ብዙ ማውጣት የተሻለ አይደለም፣ ሌላ ቦታ ያለውን አየር ትጎትታላችሁ።

ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 200 ሚሊሊትር ይሁን። ሲሪንጁ አልሳብ ብሎ እጃችሁን ወደ ኋላ የሚጎትት ከሆነ አፈሩ ሸክላ ነው ወይ ውሃ የጠገበ ነው። አታስገድዱት። ቫኪዩሙ ከ25 ኪሎፓስካል ካለፈ የሚወጣው ውጤት አያስተማምንም፣ ጥልቀቱን ቀይሩ ወይ ለቀናት አፈሩ ውስጥ የሚቀመጠውን ዓይነት መያዣ አስቡበት። ቱቦው ውስጥ የውሃ ጠብታ ካያችሁም አቁሙ፣ ካኒስተር ውስጥ ውሃ ከገባ ላቡም እናንተም ትናደዳላችሁ።

ደረጃ 9፦ ናሙናው

ካኒስተሩን ከማገናኘታችሁ በፊት ጌጁን አንብቡና ጻፉት። በባሕር ጠለል አካባቢ ሙሉ ቫኪዩም ማለት 29፣ 30 ኢንች ሜርኩሪ ነው፣ ከ25 በታች ከሆነ ያ ካኒስተር መንገድ ላይ አፍስሷል፣ ትርፉን አውጡ። ከፍታ ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ጌጁ የሚያነበው ከአካባቢው አየር ጋር እያነጻጸረ ስለሆነ 2,000 ሜትር ላይ ፍጹም ባዶ የሆነ ካኒስተር እንኳ 23 ተኩል ገደማ ነው የሚያሳየው። ይሄን ያላወቀ ልጅ ሙሉ ካርቶን ካኒስተር "ተበላሽቷል" ብሎ ሲመልስ አይቻለሁ፣ ሁሉም ጤነኛ ነበሩ።

ቫልቩን ክፈቱ፣ ሰዓቱን ጻፉ። በደቂቃ 200 ሚሊሊትር ከሆነ ባለ 1 ሊትሩ አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ ባለ 6 ሊትሩ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ጌጁ ወደ 5 ኢንች ሲደርስ ዝጉ፣ ዜሮ እስኪሆን አትጠብቁ፣ ዜሮ ከሆነ መቼ እንደሞላም ላብ እስኪደርስ ማፍሰስ አለማፍሰሱንም የምታውቁበት መንገድ የለም። የቀረችው ቫኪዩም ማኅተም ናት፣ ላቡ ሲቀበል አንብቦ ከናንተ ቁጥር ጋር ያመሳክራል (የከፍታውን ልዩነት ታሳቢ አድርጎ)።

ከአሥር ነጥብ አንዱ ላይ ሁለት ካኒስተር በቲ ፊቲንግ አገናኝታችሁ ድግግሞሽ ውሰዱ። አንድ ደግሞ ዕቃዎቹ ራሳቸው ንፁህ መሆናቸውን ለማየት ንፁህ አየር ብቻ በዕቃዎቹ አሳልፋችሁ ውሰዱ። ሕንፃው ውስጥ ሰው ካለ የቤት ውስጥ አየርም በዛው ቀን ቢወሰድ ጥሩ ነው፣ በሥራ ሰዓት 8 ሰዓት ሙሉ፣ ቁጭ ያለ ሰው አፍንጫ ከፍታ ላይ፣ ከውጭም አንድ ለማነጻጸሪያ። የጽዳት ኬሚካሎችንና ቀለሙን ከአንድ ሁለት ቀን በፊት አስወጡ፣ አለበለዚያ የምትለኩት ቁም ሳጥኑን ነው።

ካኒስተር በረዶ ላይ አይቀመጥም፣ ውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ውሃ ይቀየራል። ፀሐይም አያግኘው። ቅጹ ላይ የካኒስተሩን ቁጥር፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቫኪዩም፣ ሰዓቱን፣ የአየር ግፊቱንና ሙቀቱን ሙሉ፣ ማን ለማን እንዳስረከበ ይፈረም። ቲኦ-15 ላይ እስከ 30 ቀን ይቆያል፣ ግን ለምን ታቆዩታላችሁ።

ደረጃ 10፦ ሪፖርቱን ማንበብ

ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት መለኪያውን እዩ። አንዱ ላብ በማይክሮግራም በሜትር ኩብ ይጽፋል፣ አንዱ በማይክሮግራም በሊትር፣ ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ሌላው በቢሊዮን ውስጥ በስንት ብሎ ይጽፋል፣ ያኔ በኬሚካሉ ሞሊኪውላዊ ክብደት አባዝቶ ለ24.45 ማካፈል ነው። ለፒሲኢ 165.8 ለ24.45፣ ማለትም አንዱ 6.8 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል።

ቀጥሎ "አልተገኘም" የሚለው ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር። ፒሲኢው በጣም ብዙ ከሆነ ላቡ ናሙናውን ያቀጥነዋል፣ ያኔ ቪኒል ክሎራይዱ "ከ500 በታች" ተብሎ ይመጣል። ይሄ ንፁህ ነው ማለት አይደለም፣ አላየነውም ማለት ነው። መለየት የሚቻለው መጠን ከማጣሪያው ገደብ (ካለፈ ተጨማሪ ምርመራ ከሚያስፈልገው ቁጥር) በታች መሆኑን በየኬሚካሉ አረጋግጡ።

ከወለል ሥር ያለው ጋዝ ወደ ክፍሉ ሲገባ ይቀጥናል። ኢፒኤ በ2015 መመሪያው ለመጀመሪያ ማጣሪያ 0.03 ያባዛበታል፣ ማለት 3 በመቶው ክፍሉ ውስጥ ይገኛል ብሎ ጥንቃቄ ያለበት ግምት ይወስዳል። በሱ የንግድ ቦታ ማጣሪያ ከሚሊዮን ሰው አንድ ተጨማሪ የካንሰር ሰው በሚለው ስሌት ለቤት ውስጥ አየር ፒሲኢ 47፣ ቲሲኢ 3፣ ቤንዝን 1.6 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው። ከወለል ሥር ወደ 1,600፣ 100 እና 52 ይመጣል። እንግዲህ ወለላችሁ ሥር 3,000 ፒሲኢ ቢወጣ በ0.03 ሲባዛ 90 ነው፣ ከ47 በላይ ነው፣ ግን ከካንሰር ውጪ ላለው ጉዳት ከተቀመጠው 175 በታች ነው። ይሄ ሰው አስወጡ የሚያስብል አይደለም፣ የቤት ውስጡን አየር ለኩ የሚያስብል ነው። የናንተ አገር ተቆጣጣሪ የራሱ ገደብ ካለው የሚሠራው እሱ ነው፣ ለመኖሪያ የተቀመጠውን ቁጥር ደግሞ ለቢሮ፣ የቢሮውን ለመኖሪያ አታምታቱ።

ቲሲኢ ላይ ግን ዝግ አትበሉ። እርግዝና መጀመሪያ ላይ ለአጭር ጊዜ መጋለጥ እንኳ የፅንሱን ልብ አሠራር ሊጎዳ ይችላል የሚል ሥጋት ስላለ ተቆጣጣሪዎች ቤት ውስጥ ሲገኝ በቀናትና በሳምንታት እንጂ በዓመት አይነጋገሩም። ለተከራዮቹ ንገሩ፣ አየር ማስገቢያውን ጨምሩ፣ ባለሙያ ጥሩ።

አንድ ጊዜ ወስዶ "ንፁህ ነው" ማለትም አይቻልም፣ ቢያንስ በሁለት የተለያየ ወቅት ይወሰድ፣ አንዱ ሕንፃው ተዘግቶ በሚሞቅበት ጊዜ። ከገደቡ ካለፈ ደግሞ መፍትሔው ለራዶን (ከአፈር ለሚወጣው ራዲዮአክቲቭ ጋዝ) ከሚሠራው ጋር አንድ ነው፣ ወለሉን ቀድዶ ቧንቧ ማስገባትና በፋን ጋዙን ከሥር እየሳቡ በጣሪያ በኩል ማስወጣት። ስንጥቅ መድፈን ብቻውን እምብዛም አይበቃም፣ ግን ፋኑ በደንብ እንዲስብ ይረዳዋል።

ቀዳዳዎቹን በተመለከተ፣ የማትፈልጉትን መሰኪያ ነቅላችሁ በማይኮማተር ሲሚንቶ እስከ ታች ድረስ ሙሉ፣ ከሥር የእርጥበት መከላከያ ላስቲክ ካለ እናንተ ናችሁ የቀደዳችሁት። ለሁለተኛው ወቅት የምታስቀሩትን ደግሞ በክዳን ዝጉና ከሁለት ግድግዳ ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ፎቶ አንሱ፣ ስትመለሱ ተከራዩ ሴራሚክ አንጥፎበት ሊጠብቃችሁ ይችላል።